አርባ ቁጥር

«ጋሼ፣ ጫማችን ተቀያይሯል።» ሦስት ቃል ነው፤ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ይህን ሦስት ቃል ከአፌ ለማውጣት ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ለምንድን ነው? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ዝምተኛ ነኝ እንጂ ዲዳ አይደለሁም። መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር ከመስመሩ ወጥቶ ካየሁ ኃላፊ ፊት ቆሜ የምከራከር ሴት ነኝ። ለቁጥር የማልነፍገውን አፍ ለሰው እግር እንዴት ነፈግሁ?

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ መዝገብ ያዥ ነኝ። ስንት ጽድ በቀለ፣ ስንት ወይራ ደረቀ፣ የትኛው ቀበሌ ስንት ወሰደ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘግይቶ ማዕድ እንደ ቀረበ ሰው ነው፤ ፍርፋሪ አያስተርፍም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን፣ የስኳር ከረጢት ላይ ያለውን፣ የሚኒባስ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ካላነበብኩ አላልፍም። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ምን ሳላነብ እንዳለፍኩ በኋላ ስትሰሙ እንድትፈርዱብኝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ወጉ አይገባችሁም። እግሬ ትልቅ ነው። አንደኛ ክፍልን የተማርኩት ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቄ ነው። እጄን መሰብሰብ፣ አንገቴን መድፋት እችልበት ነበር፤ እግሬ ግን ከዴስኩ ሥር አልፎ ወጥቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። መምህሩ ጠመኔ እንደያዘ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎብኛል። «እግርሽን ሰብስቢ» ይለኝ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እግሬን እየሰበሰብኩ እኖራለሁ። ረዥም ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ስቀመጥ እግሬን ከወንበሩ ሥር እከታለሁ፤ ፎቶ የሚያነሣኝ ሰው ካለ «ከጉልበቴ በላይ ይበቃል» እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። የኛ አገር አፈር መረሬ ነው፤ ጥቁርና የሚያጣብቅ። ክረምት ከገባ ጫማችሁን ይይዝና እናንተን ይለቃችኋል። ሠራተኛው በኮንጎ፣ በሸራ፣ በበረባሶ ሲንሸራተት ከርሞ በስንት ልመና ለዐሥራ አንዳችን የሥራ ጫማ እንዲገዛልን ተፈቀደ። ኃላፊያችን ይሁኔ ወጣት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ቅን ልጅ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡና ይምረጡልን» አለኝ።

ይህን ለእኔ ማለት ለእሳት ገለባ መስጠት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከስልኬ አነበብኩ፤ ጫማ ሰፊዎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሁሉንም በአንድ ደብተር አሰፈርኩ። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ብቻ እንዳይሆን፤ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ይሁን። ምላሱ ከግራና ከቀኝ ከገላው ጋር ይያያዝ፤ አለዚያ ውሃ በዚያ በኩል ይገባል። ቆዳው በጥፍር ሲጫኑት ተጨማዶ የሚመለስ እንጂ እንደ ግድግዳ ቀለም የሚላጥ አይሁን። እግር የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ያልተራመደ እግር ይዋሻል። በወፍራም ካልሲ ይለካ። እንዲህ እያለ ዐሥራ ሰባት ነጥብ ደረሰ። ዐሥራ ስድስተኛው «ጫማው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ሰው በውስጡ ስሙን ያጽፍ» የሚል ነበር። ይህችን ነጥብ አደራ ያዙልኝ።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሥራ ጫማ ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አስወረድኳቸው። አሸተትኩ፤ አጠፍኩ፤ በጥፍሬ ቧጨርኩ። በመጨረሻ በሳፋ ውሃ ይምጣልኝ አልኩ።

«ለምንሽ ነው?»

«አንዱን ልነክረው ነው። ውሃ ያስገባ እንደሆነ ልይ።»

«እህቴ» አሉ ሐጂ ረጋ ብለው «ልትገዢው ነው ወይስ ክርስትና ልታስነሺው?»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። እኔ ነከርኩት። ሩብ ሰዓት በሰዓቴ ይዤ ጠበቅሁ። አላስገባም። ደብተሬ ላይ «አላስገባም» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ የሠራተኛውን ቁጥር መመዝገብ መጣ። በቃል አልተቀበልኩም። እያንዳንዱን ሰው ወረቀት ላይ አቁሜ እግሩን በእርሳስ ዙሪያውን አሠመርኩ። ጋሼ ቢምረው ሲደርሱ ቀሚሴን ሰብስቤ በርከክ አልኩላቸው። ጋሼ ቢምረው የጣቢያችን ጥበቃ ናቸው። ከስድሳ ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ አጠር ያሉ ሰው፤ ሲሄዱ ግን እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። በየዓመቱ ለብዙኃን ማርያም ደብረ ወርቅ በእግራቸው ይሄዳሉ። መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም፤ «ማርያምን ተቀምጬ አልሳለማትም» ይላሉ።

«ተጠንቅቀሽ አሥምሪ» አሉኝ። «ይኸ እግር የደብረ ወርቅን መንገድ ዓይን ሳያስከትል ነው እሚሄድ።»

አርባ አንድ ወጣላቸው።

ችግኝ የምታጠጣው ይርገዱ ከበላዬ ቆማ ታያለች። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ምላሷ ከጫማ መርፌ የሾለ ሴት ናት። የሷ ሠላሳ ሰባት ነው፤ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።

«ያንቺስ?» አለችኝ። «መርከቡን ማለቴ ነው።»

ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ያነበዋል። እጄ በራሱ ሄደና ከስሜ ትይዩ ሠላሳ ስምንት ብሎ ጻፈ። በሕይወቴ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሱቅ ስደርስ ለሐጂ በጆሯቸው «ያ ሠላሳ ስምንት የሚለው አርባ ይሁን» አልኳቸው። እሳቸውም በሹክሹክታ «ይሁን» አሉኝ። «እግር ሰውን ያቆመዋል እንጂ አያሳፍረውም፤ ግን ይሁን።»

ጫማው መጣ። የእጅ ጽሑፌ ግልጽ ነው እየተባለ የሁሉንም ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በማይለቅ ማርከር፣ ከውስጥ፣ ተረከዝ በሚያርፍበት ላይ። ጋሼ ቢምረው «በሁለቱም ጻፊልኝ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል» አሉኝ። በሁለቱም ጻፍኩ። የራሴ ላይ ግን አልጻፍኩም። የገዛ ጫማዬን ላጣው ነው? ይልቁንስ ተረከዙ ላይ የታተመውን አርባ የሚል ቁጥር በማርከሩ አጠቆርኩት። በሁለቱም።

እንግዲህ ሐምሌ ሰባት ሆነ፤ ሥላሴ። በበዓል ቀን አንሠራም፤ ግን ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ ስላደረ ዐሥራ አንዳችንም በአዲሱ ጫማ ነው ለቅዳሴ የመጣነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ አሉ። ገና ሲያዩን መቋሚያቸውን አጋደሙብን።

«ያን ሁሉ ጭቃ ተሸክማችሁ ነው ቅጽሩ ውስጥ እምትገቡ? እዚሁ አውልቁ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ወንዱ በወንዶች በር፣ ሴቱ በሴቶች በር ደጃፍ ያወልቅ ነበር። ያን ቀን ዐሥራ አንድ ጥንድ አንድ ዓይነት ጫማ አንድ ደጀ ሰላም ሥር ቆመ። ቅዳሴው ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ፤ ጫማዬ ከይርገዱ ጫማ አጠገብ ቆሞ ሰው ሳያየው ልደርስበት ነው። እማሆይ ጠፈጠፉን ሸሽተው ሁሉንም ወደ ውስጥ አሰልፈውታል። ቀኙን አነሣሁ፤ ግራውን አነሣሁ፤ አጠለቅሁ፤ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ማፍሰሴንም አላወቅሁም።

መንገድ ላይ ግራ እግሬ ተንቦጫቦጨብኝ። ብርዱ ነው አልኩ። በማግሥቱም ተንቦጫቦጨ። በሳምንቱ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ግራ እግሬ ያነሰ መሰለኝ። የእግዚአብሔር ሥራ አይታወቅም፤ የስንት ዓመት ጸሎት በግራ በኩል ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ቀኙን እያየሁ «አንተስ?» እል ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ እግር ብቻውን የሚሰልበት በሽታ እንዳለ አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችኝ ነርሷ።

«ምንም አያመኝም። እግሬ አንሶብኝ ነው።»

በሜትር ለካችኝ። ሁለቱም እኩል ናቸው። ደግማ ለካችኝ። «ሰው ሁሉ እግሬ አበጠ ብሎ ነው የሚመጣ» አለችኝ። «አነሰኝ ብለው የመጡ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። በደህና ይግቡ።»

በዚሁ ሰሞን ጋሼ ቢምረው ማነከስ ጀመሩ። በግራ። አዲስ ጫማ መንከሱ ያለ ነው ብለው ሁለት ሳምንት ቻሉት፤ ከዚያ ምርኩዝ ያዙ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው ግራ እግሩን እየጎተተ ሲተላለፍ እኔ፣ ሁሉን አንባቢዋ፣ አንድም ቀን አላገናኘሁትም። ይርገዱ ብቻ ባልዲዋን አስቀምጣ «ይኸ ግራ ግራውን የሚመርጥ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» አለች።

ይሁኔ አስቦበታል። «ጋሼ፣ ጫማ ተለዋውጦብዎት እንዳይሆን» አላቸው።

«ምን ቆርጦት! ስሜ አለበት። እሷው ናት የጻፈችው።» ጫማቸውን አውልቀው ተረከዙን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ጋሼ ቢምረው ፊደል አልቆጠሩም። እዚያ ውስጥ ጥቁር ቀለም አለ፤ በቃ። ይሁኔም አምኗቸው ውስጡን ሳያይ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ዝርዝሩን አየ። በሠላሳ ዘጠኝና በአርባ አንድ መካከል ማንም የለም፤ ሠላሳ ዘጠኝ ደግሞ የጋሼ እግር ላይ ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ ችግሩ ከጫማው አይደለም ተባለ። ከእግሩ ነው።

«አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር» አሉ ጋሼ። «ቀኙ ይገባል፤ ግራው አይገባም። እርጅና በግራ በኩል መጣ ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ነው እኔ በመጽሐፍ የገባሁበት። ሪህ ነው አልኳቸው። ከአንድ የጤና መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ ሥጋ ይቅር፤ ጠላ ይቅር፤ ምስርና ሽሮ ይቅር። ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ሥጋውን ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ከልክላዋለች። ሽሮን ግን እሷም እንኳ አልከለከለችም፤ እኔ ከለከልኩ። ጋሼ ቢምረው ጎመንና ድንች እየበሉ፣ ጠዋት ጠዋት እያነከሱ ጠበል እየወረዱ መረቁኝ። «ያነበበ ሰው አጠገብ መኖር ደጉ» አሉ።

የኔ እግር ደህና መሆኑ በሜትር ከተረጋገጠ ጥፋቱ የጫማው ነው፤ የጫማው ከሆነ የሻጩ ነው። የሁለት ገጽ ቅሬታ ጽፌ፣ ጫማውን እንደተጫማሁ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። አራት ገዢ ቆሟል።

«ሐጂ፣ የሸጡልኝ ጫማ ግራው እየሰፋ ነው» አልኩ። ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሏል።

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

«ቆዳ ይሰፋል፤ አልክድም። ግን ግራና ቀኙ የመጣው ከአንድ በሬ ነው። አንዱ ሲሰፋ ሌላው ቆሞ አያየውም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አልኩና ቅሬታዬን አነበብኩላቸው። ሁለቱንም ገጽ። ሐጂ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ከዚያ «እስቲ አውልቂው» አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ጫማውን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉ። ቆዩ።

«ቢምረው የሚባለው ባለቤትሽ ነው?»

ባል የለኝም። ይህንንም ገበያው ያውቃል። አንዱ ገዢ ከኋላ «ቢምረውስ ታዲያ በአንድ እግሩ ነው እሚሄድ?» አለ። ጫማውን ተቀብዬ አየሁ። «ቢምረው» ይላል። ከበላዩ አርባ አንድ ይላል። የእጅ ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ የኔ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የጋሼ ቢምረው ስም ግን አምስት ሳምንት የዋለው ከእኔ ካልሲ በታች ነው። የስኳር ከረጢት ሳላነብ አላልፍም ያልኳችሁ ሴት በየቀኑ ረግጬው ስሄድ ነበር።

ሐጂ አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። «ሌላኛው ሰው አሁን እንዴት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

በሚኒባሱ ሦስቱን ቃላት እስከ ጣቢያው በር ድረስ አጠናሁ። ጋሼ በር ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ከነጫማው ድንጋይ ላይ ሰቅለዋል።

«ልጄ፣ መጣሽ? ሽሮውን እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። ዛሬ ቀለል ያለኝ ይመስለኛል። እግዜር ዕድሜ ይስጥሽ። በእናትሽ ዓይን ከፍ በይ።»

አፌን ከፈትኩ። «አሜን» አልኩ።

ያን ቀን ብናገር የአምስት ሳምንት ስሕተት ነበር፤ ሰው ስቆ ይረሳዋል። በማግሥቱ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ዝምታ ሆነ። ዝምታ ደግሞ እንደ መረሬ ነው፤ በቆማችሁበት ቁጥር ይበልጥ ይውጣችኋል። ተቀያይሯል ካልኩ የማን ጫማ ነው ይባላል። የእኔ ነው ካልኩ ሠላሳ ስምንት የአርባ አንድ ሰው እግር ላይ እንዴት ወጣ ይባላል። ከዚያ ዝርዝሩ ይወርዳል፤ ይርገዱ ባልዲዋን ታስቀምጣለች።

በድብቅ ላስተካክለው አሰብኩ። ጥበቃ ቤታቸው ዙሪያ ሦስት ቀን ዞርኩ፤ ጋሼ ግን አንዴ ካወለቁት መልሶ ማስገባቱ መከራ ስለሆነባቸው ከነጫማቸው ነው የሚተኙት። ቀረኝ ቤተ ክርስቲያን። በፍልሰታ ፍቺ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ጋሼ ደጀ ሰላሙ ላይ እያቃሰቱ አውልቀው ሲገቡ ከዛፍ ሥር ሆኜ አየሁ። ግራቸውን አምጥቼ ነጠላዬ ሥር ይዣለሁ። በበረባሶ ነው የመጣሁት። ቀስ ብዬ ሄጄ በርከክ አልኩና እሳቸው ያወለቁትን የኔን ግራ አነሣሁ። የመቋሚያ ጫፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ልጄ» አሉ እማሆይ «ሌባም ቢሆን ሁለቱን ነው የሚወስድ። አንዱ ምን ይሠራልሻል?»

«የማን እንደሆነ እያየሁ ነው» አልኩ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«እንግዲያው አስቀምጪው።»

አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጀ ሰላም ሳልፍ እማሆይ ጫማዎቹን በዓይናቸው ይቆጥራሉ።

ጳጉሜ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ጋሼ ቢምረው መዝገብ ቤት መጡ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ተቀመጡ፤ የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«አንድ ወረቀት ጻፊልኝ ልጄ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«መሰናበቻ። የማይሄድ ሰው በር አይጠብቅም። ደጀን ከተማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። እዚያ የጭነት መኪና ስቆጥር እውላለሁ።»

«ደብረ ወርቅስ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሚኒባስ አለ ይላሉ» አሉ። የሰው ሞት ሲረዳ እንዲህ ነው የሚነገረው።

ብዕሬን አነሣሁ። «ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለመሰናበት» ብዬ ጻፍኩ፤ አሠመርኩበት። «እኔ አመልካች የጣቢያው ጥበቃ ቢምረው» አልኩ። ቀጥሎ ምክንያት ይመጣል። «በእግር ሕመም ምክንያት» ብሎ መጨረስ ነው፤ አራት ቃል እንኳ አይሞላም። እጄ አልሄድ አለኝ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ አትሳሳቱ። በሕይወቴ አንድ ሐሰተኛ ቁጥር ጽፌ እኒህን ሰው ምርኩዝ አስይዣቸዋለሁ። ሁለተኛውን ብጽፍ ደጀን ሊያወርዳቸው ነው። ሰው ፊት የማይወጣልኝ ነገር ወረቀት ላይ ይወጣልኛል፤ ቀና ሳልል ጻፍኩ። ስጨርስም ቀና ሳልል አነበብኩላቸው።

«እኔ አመልካች የጣቢያው ጥበቃ ቢምረው፣ ከሐምሌ ሰባት ቀን ጀምሮ ግራ እግሬን ያመመኝ ሪህ ይዞኝ ሳይሆን፣ መዝገብ ያዧ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የእኔን ግራ ጫማ በስሕተት ወስዳ የሷን ስለተወችልኝ ነው። የመዝገብ ያዧ ጫማ አርባ ቁጥር ሲሆን፣ በዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ስምንት ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። ጫማው ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ስሜ ሳይሆን ቁጥሯን የደበቀችበት ነው። መዝገብ ያዧ ይህን ካወቀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሽሮም የከለከለችኝ እሷ ናት።»

ካፊያው ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል።

«ይኸን ያልኩት እኔ ነኝ?» አሉ ጋሼ።

«አይደሉም ጋሼ። እኔ ነኝ። ጫማችን ተቀያይሯል።»

ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ፈቱ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል። እኔም ግራ እግሬን ከወንበሬ ሥር አውጥቼ አወለቅሁና የሳቸውን ሰጠኋቸው። ተጫሙት። ተነሡ። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ ትተው ወጡ፤ በካፊያው ውስጥ እስከ ግቢው በር ሄዱ፤ በሩን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ ተመለሱ። አላነከሱም ማለት አልችልም። ጥቂት ያነክሳሉ፤ ግን ጫማው እንጂ እርጅናው አልነበረም፤ ይህንንም እግራቸው ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ይመስላል።

«ሽሮው በከንቱ ነው የቀረብኝ?»

«በከንቱ ነው።»

«ጠላውም?»

«ጠላውም ጋሼ።»

ከዚያ «ያንቺስ እግር ጎድቶሽ ነበር?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

«አይ። ሰፋኝ እንጂ አልጎዳኝም።»

«እህ። አንቺስ ተመችቶሽ ከርሟል።»

ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ስድብ አለመሆኑ ደግሞ ይብሳል። ቁልፋቸውን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሡ። ቀጥሎ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወረቀቱንም ስጭኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል? እኔ ላስተካክለው።»

«የለም፣ መልካም ተጽፏል። ይርገዱ ትድገምልኝ።»

ወጡ። መስኮቱ ጋ አልሄድኩም። አንድ እግሬ ባዶ፣ መተላለፊያው ላይ እንደተዘረጋ ተቀምጬ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ከችግኝ መደቡ በኩል ባልዲ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ የይርገዱ ድምፅ መጣ፤ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ያሠመርኩበትን ሳታስቀር ታነባለች። አርባ ቁጥር የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ደገመችው።

እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጥኳት። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም።